ለሰባት ሕግ የለውም

አሰላ አጠገብ ባለችው በሳጉሬ ከተማ ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ትልልቅ ቁጥሮችን የማገኘው ከመንገድ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የቀደሙት ዓመታት ተማሪዎች መልሳቸውን በእርሳስ አጠገባቸው ጽፈውባቸዋል። ስለዚህ አንድ ቀን የስድስተኛ ክፍል ልጆቼን "ተፍቆ የተጣለ የሞባይል ካርድ ለቃቅማችሁ ኑ" አልኳቸው። ያኔ ካርድ በወረቀት ነበር የሚሸጠው። በገበያ ማግስት የሳጉሬ መንገድ ላይ የማይገኝ ካርድ የለም፤ ጭቃ ውስጥ የተሰነቀረ፣ የጋሪ ጎማ የሄደበት፣ ዝናብ ያበሰበሰው። ልጆቹ በየኪሳቸው አጭቀው መጡ።

በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከአሥር የሚበልጡ አሃዞች ተደርድረዋል። "ይህ ቁጥር ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ይካፈል እንደሆነ ንገሩኝ። ማካፈል ግን ክልክል ነው" አልኳቸው። ሳቁ። የቀለድኩባቸው መሰላቸው። ከዚያ የመጨረሻውን አንድ አሃዝ ብቻ አይቶ ለሁለትና ለአምስት መፍረድ እንደሚቻል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አይቶ ለአራት፣ ሦስቱን አይቶ ለስምንት መፍረድ እንደሚቻል ሲያዩ ሳቁን ትተው ካርዶቻቸውን መፈተሽ ጀመሩ። ለሦስትና ለዘጠኝ ደግሞ አሃዞቹን መደመር ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ 738,000,045,162 ብዬ ጻፍኩና አብረን ደመርን። ሠላሳ ስድስት ሆነ። ሠላሳ ስድስት ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ስለዚህ ያ ስሙን እንኳ ጠርተው የማይጨርሱት ቁጥር ለዘጠኝ ይካፈላል። አንዱ ልጅ አላመነም። ሙሉውን ደብተሩ ላይ ዘርግቶ አካፍሎ፣ ቀሪው ዜሮ ሲሆን ደብተሩን ወደ ላይ አንሥቶ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ትምህርቱ በኦሮምኛ ነበር። እኔ አሰላ ተወልጄ አሰላ ያደግኩ ነኝ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛን የተማርኩት ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ነው። እናገራለሁ፣ አስተምርበታለሁ፣ ልጆች ተጣድፈው ሲያወሩ ግን አንዳንዱ ያመልጠኝ ነበር። የሚያመልጠኝ መሆኑን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ "ድገሚልኝ" ከማለት ይልቅ ፊቴን ኮስተር አድርጌ አልፍ ነበር። እዚህ የምጽፈውን የዚያን ጊዜ ንግግር ሁሉ ከኦሮምኛው የመለስኩት እኔው ነኝ።

ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል። እናቷ ገበያው ዳር ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪትና የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አላት። ልጅቱ ካርዶቿን እንደሌሎቹ በኪሷ አጭቃ አላመጣችም። ጭቃቸውን ጠርጋ፣ አድርቃ፣ በክር አስራ ነበር ያመጣቻቸው። ብዙ አትናገርም። ስትናገር ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ የሚያስቆማት የለም፤ ቃላቱ እየተደራረቡ ይወጣሉ።

የሁለት፣ የሦስት፣ የአራት፣ የአምስት፣ የስድስት፣ የስምንት፣ የዘጠኝና የአሥርን ሕግ ሰሌዳው ላይ በተርታ ጽፌ ስጨርስ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሰባትስ?"

"ለሰባት ሕግ የለውም። ዝም ብሎ ማካፈል ነው።"

"ለምን የለውም?"

"የለውማ! ቢኖረው መጽሐፉ ይለው ነበር።"

ያስተማሩኝም እንደዚያ ብለው ነው ያስተማሩኝ። እኔ ግን በእሷ ዕድሜ "ለምን?" ብዬ አልጠየቅኩም፤ መምህር ሆኜም አልጠየቅኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠኋቸው። ባለ ስድስት አሃዝ የሆኑ አሥር ቁጥሮች ጻፍኩና የትኞቹ ለሰባት ያለ ቀሪ እንደሚካፈሉ እንዲለዩ አዘዝኳቸው፤ የማካፈሉን ሥራ በሙሉ እንዲያሳዩም አስጠነቀቅኩ። ብዙዎቹ ሰዓቱ አልበቃቸውም። እሷ ግን ከሁሉም ቀድማ ወረቀቷን አመጣች። አሥሩም መልስ ትክክል ነው። የማካፈል ሥራ ግን አንድም የለም። በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ትንሽ ቅነሳ ብቻ አለ። 459,123 ከሚለው አጠገብ "459 − 123 = 336" ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ "ይካፈላል" ብላለች።

በዚያው ሳምንት ሌላ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በስልክ ሲኮርጅ ተይዞ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሰብስቦ "ዓይናችሁ የት ነው?" ብሎ ወርፎናል። እናቷ ስልክና ካርድ ያለበት ሱቅ እንዳላት ደግሞ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ያኔ በአእምሮዬ የነበረው ይህ ስለሆነ ነው። የስልክ ሒሳብ ማስያ መልሱን ነግሯታል፣ ቅነሳውን ደግሞ የሠራች ለመምሰል ሞነጫጭራዋለች፣ ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። "እንዴት እንደሠራሽው ለክፍሉ አስረጂ" አልኳት።

ጠመኔውን ተቀብላ 459,123ን ጻፈች። መሐሉ ላይ መስመር አሰመረችና መናገር ጀመረች። ፈጣን ነበር። "ከዚህኛው ያንን እቀንሳለሁ… ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ሁልጊዜ ለሰባት ይካፈል ነበር… አንድ ዓይነት ስላልሆኑ የጎደለውን ብቻ ነው የማየው…" እያለች ቀጠለች። ቃሉን ብሰማም ትርጉሙ አመለጠኝ። የያዝኩት "አንድ ዓይነት" የሚለውን ነው።

"አራት መቶ ሃምሳ ዘጠኝና አንድ መቶ ሃያ ሦስት አንድ ዓይነት ናቸው?" አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አይደሉም ቲቸር፣ ግን ቢሆኑ ኖሮ…"

"መልሱን ማን ሰጠሽ?"

"ማንም።"

"ስልክ ይዘሽ ነበር?"

"አልያዝኩም።"

"ታዲያ መጽሐፍ የማያውቀውን ሕግ አንቺ ከየት አመጣሽው?"

ዝም አለች። ያን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ወረቀቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ዜሮ አደረግኩና ሰሌዳው ሥር አንበረከክኳት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የሳጉሬ ጠዋት ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደወል እስኪደወል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። አላለቀሰችም። ባለማልቀሷም ተናደድኩ፤ እልኸኛ ናት አልኩ።

እናቷን አስጠራሁ። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመች። "ልጅዎ ፈተና ኮርጃለች" አልኳት። ቃሉ በትክክል አልገባትም መሰለኝ "ሰረቀች ማለት ነው?" አለችኝ። ለማስረዳት ሰነፍኩ። "እንደዚያ ይበሉት፣ የሰው መልስ ሰርቃለች" አልኳት። ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ። "እሺ መምህርት፣ ለእኔ ተዉት" ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ እጅ አውጥታ አታውቅም። ስጠይቃት ትነሣለች፣ "አላውቅም" ትላለች፣ ትቀመጣለች። ሰኔ ላይ የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትና አለፈች። ውጤቷ ከመካከለኞቹ ጋር ነበር። "አየሽ፣ መልስ የሚሰጣት ስታጣ ይኸው" ብዬ ለባልደረባዬ መናገሬን አስታውሳለሁ።

እኔ በየክረምቱ አሰላ እየመጣሁ ዲግሪዬን እማር ነበር። በዚያ ክረምት አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ለዋናው ትምህርት መግቢያ እንዲሆነው፣ ሰሌዳው ላይ ሰባትን በአሥራ አንድ፣ ያንን ደግሞ በአሥራ ሦስት አባዛ። አንድ ሺህ አንድ ሆነ። "እስቲ የፈለጋችሁትን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በዚህ አባዙ" አለን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ የጻፈው 459ን ነው። ውጤቱ 459,459 ሆነ።

ያ ቁጥር የአንድ ሺህ አንድ ብዜት ስለሆነ ለሰባት መካፈሉ ግድ ነው። ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ከሆነ ሁልጊዜ ለሰባት ይካፈላል ማለት ነው። የእሷ ቁጥር ደግሞ 459,123 ነበር። ከ459,459 የሚጎድለው 336 ብቻ ነው። 336 ለሰባት ከተካፈለ 459,123ም ይካፈላል። "የጎደለውን ብቻ ነው የማየው" ያለችው ይህንን ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳይነግራት፣ እኔ ዲግሪዬን ለመጨረስ አንድ ክረምት ሲቀረኝ የሰማሁትን ነገር ከመንገድ ከለቀመችው ካርድ ላይ አግኝታዋለች። እኔም አንበርክኬያታለሁ።

ከክፍል ወጥቼ ውጪ ቆምኩ። ይዘንብ ነበር። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ አይታይም። መስከረም እስኪጠባ ቀን ቆጠርኩ ማለት እችላለሁ፤ ምን እንደምላት፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት እንዴት እንደምናገር ደጋግሜ ተለማመድኩ።

መስከረም ላይ አልተመዘገበችም። አንድ ሳምንት ጠበቅኩና ወደ ሱቁ ሄድኩ። እናቷ ከውስጥ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ።

"አዳማ ሄደች" አለችኝ። "ሰው ቤት ገብታለች። ትምህርት አልፈልግም አለች። እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ምን ላድርግ?"

"አዳማ የት ሰፈር?"

"የዘመድ ዘመድ ናት የወሰደቻት፤ ሰፈሩን አላውቀውም።" ከዚያ አንገቷን ደፋች። "መምህርት፣ ይቅር በሉን። ያን ጊዜ ልጄ በእናንተ ፊት አሳፈረችኝ። ከእኛ ቤት ሌብነት ወጥቶ አያውቅም።"

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ከንፈሬ ላይ ነበር። ግን ሴትየዋ በሠፈሩ ሰው ፊት፣ ሁለት ገዢዎች ቆመው እየሰሙ፣ ይቅርታ ስትለምነኝ ሁሉንም ዋጥኩት። "ኧረ ምንም አይደለም፣ ልጅ ናት" አልኳት። ልጅ ናት! ይቅር ባይ መስዬ፣ አንድ ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ። ሳጉሬ ላይ ከሠራሁት ሁሉ የባሰው ማንበርከኬ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አይደለም። የባሰው ያቺ አንዲት ቃል ናት።

አዳማ ትልቅ ከተማ ነው፣ የት እፈልጋታለሁ፣ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ዓመታት አለፉ። ወደ አሰላ ተዛወርኩ፤ አሁን የማስተምረው በአማርኛ ነው። ስለ ሰባት ሕግ ሳስተምር የእሷን መንገድ አስተምራለሁ። "ማን ነው ያገኘው?" ብለው ሲጠይቁኝ "አንዲት ተማሪ" እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልናገርም።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን ማባዣ ተበላሸና የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ማሽኑ ላይ የቆመችው ወጣት ወረቀቱን ተቀብላኝ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየችው። እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነበር።

"ቲቸር፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ መልስ የለውም።"

ቀና አልኩ። "እንዴት የለውም?"

"ለስድስት የሚካፈለው የትኛው ነው ይላል። የመጀመሪያው ጎደሎ ቁጥር ነው። ሦስቱ ሙሉ ናቸው፣ ግን አሃዞቻቸው ሲደመሩ ለሦስት አይካፈሉም። ምርጫ 'መ' ላይ መጨረሻው ስምንት ሳይሆን ስድስት ሊሆን ነው መሰለኝ።"

ወረቀቱን ተቀብያት ደመርኩ። ልክ ነበረች። 52,116 ለማለት 52,118 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ፊቷን አየሁት። ጉንጮቿ ሞልተዋል፣ ቁመቷ ረዝሟል።

"አላወቁኝም አይደል?" አለች። "ሳጉሬ አስተምረውኛል። እኔ እንደገቡ ነው ያወቅኩዎት።"

ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "ስለ ሰባት ልክ ነበርሽ" ብቻ ነው ያልኩት።

"አውቃለሁ" አለች፣ በእስክሪብቶ ስምንቷን ወደ ስድስት እያስተካከለች።

"ያኔም ታውቂ ነበር?"

"ያኔም አውቅ ነበር። አንዱ ካርድ ላይ ከቁጥሩ መሐል 274274 የሚል ነበር፤ ለጨዋታ ለሰባት አካፈልኩት፣ እኩል መጣ። ገርሞኝ ሌላ ሞከርኩ። ደብተሬ እስኪያልቅ ሞከርኩ።" ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አደረገችና ክዳኑን ዘጋች። "እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።"

"ምኑን?"

"ልክ መሆኔን። መምህር አይደሉ? ልክ መሆኔን እያወቁ ያንበረከኩኝ ነበር የመሰለኝ። የጠሉኝ መሰለኝ። ታዲያ ልክ መሆን ምን ይሠራል ብዬ ተውኩት።"

ማሽኑ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ድምፁ እስኪያባራ የሚወጡትን ገጾች ቆጠርኩ።

"አላውቅም ነበር" አልኳት በመጨረሻ። "ሕጉንም አላውቀውም ነበር። ስታስረጂኝም ኦሮምኛው ፈጥኖብኝ አልገባኝም። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩ።"

ዞራ አየችኝ። "አያውቁም ነበር?" አለች። ድምፅዋ የዚያን ጊዜዋ ልጅ ድምፅ ሆነ።

"አላውቅም ነበር። ይቅር በዪኝ።"

ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀጥቅጣ አስተካከለች። "ይሻላል" አለች። ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋችና "ወይም አይሻልም፤ እንጃ" አለች። ሌላ ደንበኛ መታወቂያ ሊያስባዛ ገባ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄድ ጀመር። አዳማ ላይ አራት ዓመት ሰው ቤት እንደሠራች፣ ከዚያ የፎቶ ኮፒ ሱቁ ባለቤት የአሠሪዋ ዘመድ ስለሆነ ወደ አሰላ እንዳመጣት ነገረችኝ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ወሰድኩላት። ሰው ሲጠፋ ከማሽኑ ኋላ ተቀምጣ ትሠራለች፤ የከበዳት ቦታ ላይ ወረቀት አጥፋ ትጠብቀኛለች። የከበዳት ቦታ ግን ብዙ አልነበረም። ከሥራ ጋር የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳለ ነግሬያት የምዝገባ ፎርም አመጣሁ። "አስብበታለሁ" አለችኝ። ሞላችው። ፎቶግራፍ ብቻ ነበር የቀራት።

አንድ ቅዳሜ ማሽኑ ላይ ሌላ ልጅ ቆማ አገኘኋት። ባለ ሱቁ "ዓረብ አገር ሄደች እኮ፤ ፓስፖርቷ ወጥቶላት ቆይቷል፣ አልነገረችዎትም?" አለኝ። አልነገረችኝም። መጻሕፍቱን በፌስታል አድርጋ መደርደሪያ ላይ ትታልኝ ነበር። የስምንተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ ታጥፏል፤ ሦስት ምዕራፍ ነበር የቀራት።

ቤቴ ገብቼ አላለቀስኩም። በማግስቱ ግን እሑድ ነበርና ሳጉሬ ሄድኩ።

እናቷ አርጅታለች። ሱቁ ያው ነው፤ አሁን የወረቀት ካርድ አይሸጥበትም እንጂ። ከጓሮው ልትወልድ የደረሰች ላም ታስራለች። አየችኝና ተነሥታ ሳመችኝ። ገዢ እስኪሄድ ጠበቅኩና ሁሉንም ነገርኳት፦ ልጇ እንዳልኮረጀች፣ ማንም ያላስተማራትን ነገር በራሷ እንዳገኘች፣ ያልገባኝ እኔ እንደነበርኩ፣ በዚያው ዓመት ክረምት እውነቱን እንዳወቅኩት፣ እዚሁ ሱቅ ተቀምጬም ሳልነግራት እንደሄድኩ፣ በመጨረሻም ልጇን አሰላ አግኝቼ ይቅርታ እንደጠየቅኳት።

"አልሰረቀችም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አልሰረቀችም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔ እኮ ገርፌያታለሁ" አለች። "ያን ዕለት ከእናንተ ዘንድ ተመልሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በአለንጋ። 'እማዬ፣ ወላሂ አልሰረቅኩም' ትለኛለች። 'መምህርት ትዋሻለች?' እያልኩ እገርፋታለሁ። ልጄን ደግሜ መትቼ አላውቅም፤ ከዚያ በፊትም መትቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እማዬ ማለት ተወች። በስሜ ነው የምትጠራኝ።"

ሁለታችንም ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የገበያውን ባዶ ሜዳ እናይ ነበር። ንፋሱ ገለባ ያንከባልላል። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። ስሄድ ግን አልሸኘችኝም።

"አርብ አርብ ትደውላለች" አለችኝ በሩ ላይ ስደርስ። "ማጥፋቴን እኔው ልንገራት። እርስዎ ነግረዋታል፤ አሁን የእኔ ነው የቀረው።"

በተከታዩ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቷ ነበረች፤ ቁጥሬን ትቼላት ነበር።

"ነገርኳት" አለችኝ።

"ምን አለች?"

"ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። መስመሩ ላይ አለች፤ ትተነፍሳለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ላሚቱ ወለደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

"ወለደች?"

"ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት አልኳት።"